ድራይቨሩ ሰዓቱን ለምን ይጠይቃል? ከኮምቦልቻ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ኮምቦልቻ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ነው የምሠራው። ከሽመና ማሽኖቹ የሚመጣውን ፐልስ (የኤሌክትሪክ ምት) የሚቆጥር ካርድ አለን። ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ የጻፈው ሰው ከለቀቀ ዓመታት አልፈዋል። ባለ32 ቢቱን ኮምፒውተር ከሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) 4.9 ወደ 6.1 ስናሳድገው ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም) ‹ዱ_ጌትታይምኦፍዴይ የሚባል አላውቅም› ብሎ ቆመ። ፈልጌ ያገኘሁትን ኬታይም_ጌት_ሪል_ቲኤስ64 ተካሁበት። አሁን ያንን አልፎ በመጨረሻው የመገጣጠም ደረጃ ላይ ዲቭዲአይ3 የሚባል ነገር ጠፋኝ ይላል። ስሙን መቀየሩ ይበቃል ወይ? ሌላ የተደበቀ ነገርስ አለ? በነገራችን ላይ በአሮጌውም ከርነል ቢሆን ከምሳ መልስ የመጀመሪያው የፍጥነት ንባብ አንዳንዴ ኔጌቲቭ እየሆነ ያስቸግረን ነበር። ከካርዱ ነው ብለን ትተነዋል።»

ወንድሜ፣ አብሽር፤ ካርዱ ጤነኛ ነው። ጥያቄህን ሳነብ ዓይኔ የቆመው በኮምፓይለሩ ስህተት ላይ ሳይሆን «በነገራችን ላይ» ብለህ በጣልካት በመጨረሻዋ ነገር ላይ ነው። እሷን ከፈታናት የቀረው ብዙም አያደክመንም። የፈንክሽኖቹን ስም እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ፤ የስር መስመሯ ያለችበት ቦታ ትክክለኛዋ ቦታ ናት፣ ቀሪውን እጅህ ያውቀዋል።

አጭሩ መልስ ይኸውልህ። ስሙን መቀየር አይበቃም። እንዲያውም የተካኸው ፈንክሽን ለአንዱ ቦታ ትክክል፣ ለሌላው ቦታ ስህተት ነው። በሁለት ፐልስ መካከል ያለፈውን ጊዜ ለመለካት ኬታይም_ጌት ነው የሚያስፈልግህ። መዝገብ ላይ ለሚሰፍረው ቀንና ሰዓት ግን ኬታይም_ጌት_ሪል_ቲኤስ64 ይሆንሃል። ማካፈሉን ከርነሉ ራሱ ባዘጋጃቸው የማካፈያ ፈንክሽኖች አድርገው። ንባቡን ለሚመዘግበው አፕሊኬሽን የምትልከውን ስትራክቸር (የቁጥሮች ጥቅል) ደግሞ ከታች የምነግርህን ሳታነብ እንዳትነካው።

አሁን ወደ ምሳችሁ።

የድሮው ፈንክሽን ታይምቫል የሚባለውን ስትራክቸር ነው የሚሞላው። ውስጡ ሁለት ቁጥር አለ፦ ሰከንድና ማይክሮሰከንድ። ባለ32 ቢት ማሽን ላይ ሁለቱም 32 ቢት ናቸው። ያ የለቀቀው ሰው፣ እንደ አብዛኛው ድራይቨር ጸሐፊ፣ የሰከንዱን ልዩነት በ1,000,000 አባዝቶ፣ የማይክሮሰከንዱን ልዩነት ደምሮ፣ ውጤቱን ሎንግ በሚባለው ባለ32 ቢት መያዣ ውስጥ እንዳስቀመጠው ኮዱን ሳላየው እወራረዳለሁ። ምልክት ያለው 32 ቢት የሚይዘው ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ነው። ማይክሮሰከንድ ከሆነ ይህ 35 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ብቻ ነው! ማሽኑ በደቂቃ 200 ምት ሲመታ በሁለት ምት መካከል 300 ሚሊሰከንድ ስላለ ማንም ነገሬ አይለውም። ለምሳ አንድ ሰዓት ሲቆም ግን ልዩነቱ 3,600,000,000 ይሆናል። ይህ ከመያዣው በላይ ስለሆነ ተጠቅልሎ -694,967,296 ሆኖ ይወጣል። ኔጌቲቯ ንባባችሁ ይቺው ናት።

እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ኔጌቲቭ ያልሆነው ነው። ዓርብ ለጁምዓ ዕረፍቱ ይረዝማል። ማሽኑ አንድ ሰዓት ተኩል ቆመ እንበል። 5,400,000,000 ማይክሮሰከንድ ተጠቅልሎ 1,105,032,704 ይሆናል፤ በሰዓት ሲመነዘር 18 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ገደማ። ደህና የሚመስል ቁጥር ነው፤ ማንም አይጠረጥረውም፣ ሪፖርት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። የዓርብ የሥራ ማቆሚያ ጊዜያችሁ ከሌላው ቀን አጥሮ የተመዘገበበት ወር ካለ አሁን ምክንያቱን ታውቀዋለህ።

ከርነሉ ዱ_ጌትታይምኦፍዴይን ያስወገደው በእርግጥ ለእናንተ ምሳ ብሎ አይደለም። ያው የ32 ቢት መጠቅለል በሰከንዱ ቆጣሪም ላይ አለ፤ እዚያ ግን የሚሞላው ቀስ ብሎ ነው። ቆጣሪው የሚነሳው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ በእኛ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው። የሚሞላው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038፣ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) 03፡14፡07 ላይ ነው። በእኛ አቆጣጠር አስቀምጠው፦ ማክሰኞ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ማለዳ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ጥምቀት! ታቦታቱ ጥምቀተ ባሕር አድረው ሕዝቡ ጠበል ለመረጨት ሲጋፋ፣ ያልተስተካከለ ማሽን ሁሉ በቀጣዩ ሰከንድ ራሱን ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ምሽት፣ አጤ ምኒልክ ዙፋን ላይ ባሉበት ዘመን ያገኘዋል። እኔ ይህን የመነዘርኩት ቀን ወዲያው ለሥራ ባልደረቦቼ ነገርኳቸው፤ የዚያን ዕለት ተረኛ የሚሆነው ማን ነው የሚል ክርክር ተነሳ።

ለዚህ ነው አርንድ በርግማን፣ ዲፓ ዲናማኒና ሌሎችም የከርነል ሰዎች ለዓመታት ከአንዱ ድራይቨር ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ አሮጌዎቹን ፈንክሽኖች ሲነቅሉ የኖሩት። በከርነሉ ውስጥ ተጠቃሚ ያጣውን ደግሞ አዲስ ሰው ተመልሶ እንዳይጠቀምበት ጨርሰው ያጠፉታል። ዱ_ጌትታይምኦፍዴይ በ5.0 (እ.ኤ.አ. ማርች 2019) ሄደ። ታይምቫልና ታይምስፔክ የሚባሉት ዓይነቶች ራሳቸው በ5.6 (እ.ኤ.አ. ማርች 2020) ከከርነል ኮድ ተሰወሩ። ጌት_ሰከንድስ እስከ 5.11 ቆይቶ ተሰናበተ። «64 ቢት ማሽን ላይ ችግሩ የለ፤ ከዚያ ለምን ወጣ?» የሚል ሰው አይጠፋም። የድራይቨሩ ምንጭ ኮድ ለሁለቱም አንድ ስለሆነ ነው፤ ዛሬ 64 ቢት ላይ የሚጻፈው ነገ አንድ ትንሽ ቦርድ ላይ 32 ቢት ሆኖ ይገነባል።

ሌላ ምክንያትም አለ፣ ለእኔ ከ2038 የሚበልጠው እሱ ነው። ዱ_ጌትታይምኦፍዴይ «ስንት ሰዓት ነው?» ለሚለውም «ስንት ጊዜ አለፈ?» ለሚለውም አንድ መልስ ነበር የሚሰጠው። ሁለቱ ጥያቄዎች ግን አንድ አይደሉም። ከደሴ መናኸሪያ ስትነሳ የራስህን ሰዓት አየህ፤ 2፡10 ይላል። ኮምቦልቻ ስትወርድ የሹፌሩን ሰዓት አየህ፤ 8፡50 ይላል። መንገዱ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ፈጀ አትልም፣ የሹፌሩ ሰዓት በፈረንጅ የተሞላ መሆኑ ይገባሃልና። ድራይቨር ግን አይገባውም። ቀንሶ ያገኘውን ያምናል።

«የከርነሉ ሰዓት ማን ይቀይረዋል?» ብትለኝ የራሴን ልንገርህ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ወሎ ውስጥ በአንዲት ከተማ የውኃ መስመር ላይ የፍሰት ቆጣሪ ድራይቨር ጻፍኩ። ቦርዱ የሰዓት ባትሪ የሌለው ርካሽ ነገር ነበር። መብራት ይጠፋል፤ ሲመጣ ቦርዱ ራሱን 1970 ላይ አግኝቶ ይነሳል፣ መቁጠርም ይጀምራል። ከተወሰኑ ደቂቃዎች በኋላ የሞባይል ኔትወርኩ ይመጣል፤ ሰዓቱን ከኔትወርክ የሚያስተካክለው ኤንቲፒ ትክክለኛውን ሰዓት ያገኝና አንድ ጊዜ ወደፊት ያስፈነጥረዋል። በዚያች ቅጽበት በሁለት ፐልስ መካከል ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ አለፈ! ማባዛቱ ሲጠቀለል ቁጥሩ ኔጌቲቭ ወጣ፤ በላይ ያለው ፕሮግራም «ውኃው ወደ ኋላ እየፈሰሰ ነው» ብሎ ቫልቩን ዘጋ። ሰው ጀሪካን ይዞ ተሰልፎ እኔ ሴንሰር እፈታለሁ። ሴንሰሩን ቀየርኩ፣ ኬብሉን ቀየርኩ፣ መሬት ማስያዣውን አስቆፈርኩ። ችግሩ መብራት በሄደ ቁጥር እንጂ በሌላ ጊዜ እንደማይመጣ ያስተዋለው እኔ ሳልሆን የፓምፑ ዘበኛ ነው። ኮዱ ላይ የቀየርኩት በመጨረሻ ሁለት መስመር ነበር።

ስለዚህ ኮድህ ውስጥ አሮጌውን ስም ባገኘህበት እያንዳንዱ ቦታ ቁምና ይህ መስመር ሰዓቱን ለምን ፈለገው በል። ከሌላ ንባብ ላይ ሊቀንሰው ነው? ኬታይም_ጌት። ይህ ማሽኑ ከተነሳ ጀምሮ ወደፊት ብቻ የሚሄድ ቆጣሪ ነው። ቀኑን ማንም ቢቀይር፣ ኤንቲፒም ቢያስፈነጥር አይነካውም። ኤንቲፒ ፍጥነቱን በጥቂቱ ያስተካክለዋል፣ ቢበዛ በሚሊዮን 500፤ ለሽመና ማሽን ይህ ምንም ነው። ሰው ሊያነበው ነው? ኬታይም_ጌት_ሪል። ይህ የግድግዳ ሰዓት ነው፤ ይዘላል፣ ወደ ኋላም ይመለሳል።

ሌሎቹን ባጭሩ። ኬታይም_ጌት_ቡትታይም ማሽኑ የተኛበትንም ጊዜ ይቆጥራል፤ ኬታይም_ጌት ግን ማሽኑ ሲተኛ አብሮ ይቆማል። የፋብሪካ ኮምፒውተር ስለማይተኛ አያስፈልግህም፤ በባትሪ ለሚሠራ መሣሪያ ግን ወሳኝ ነው። ኬታይም_ጌት_ሮው የኤንቲፒ ማስተካከያ ያልነካው ጥሬ ፍጥነት ነው፤ የካርድህን ክሪስታል ከኮምፒውተሩ ክሪስታል ጋር ካላወዳደርክ ተወው። ኮርስ የሚል ቃል የገባባቸው ደግሞ ፈጣኖች ናቸው፣ ግን የሚያውቁት ያለፈውን የከርነል ምት ብቻ ነው፤ ኤችዜድ (የከርነሉ ምት ብዛት በሰከንድ) 250 ከሆነ እስከ 4 ሚሊሰከንድ ይሳሳታሉ። ለፐልስ አይሆኑም።

የስሞቹ ጭራ የሚነግርህ የመልሱን ዓይነት ነው። ጭራ የሌለው ኬታይም_ቲ የሚባለውን የከርነሉን የጊዜ ዓይነት ይመልሳል፣ ኤንኤስ ያለው ናኖሰከንድ፣ ሰከንድስ ያለው ሰከንድ፤ ቲኤስ64 ያለው በፖይንተር የሰጠኸውን ታይምስፔክ64 ይሞላል። ኬታይም_ጌት_ቲኤስ64 እና ኬታይም_ጌት_ሪል_ቲኤስ64 የሚለያዩት «ሪል» በምትል አንዲት ቃል ነው። ኮምፓይለሩ ሁለቱንም በደስታ ይቀበላል። መዝገብህ ላይ ቀኑ ሁሉ 1970 ሆኖ ከታየ «ሪል» የጎደለበት ቦታ ፈልግ፤ ፍጥነቱ አልፎ አልፎ ካበደ ደግሞ «ሪል» የተረፈበትን።

አሁን ዲቭዲአይ3። አዲሱ ታይምስፔክ64 ሰከንዱን በ64 ቢት ነው የሚይዘው። ስለዚህ የድሮው ቀመር ቅርጹን ሳይቀይር በአንዴ የ64 ቢት ቀመር ሆነ። ባለ32 ቢት ፕሮሰሰር 64 ቢትን በአንድ ትእዛዝ ማካፈል ስለማይችል ኮምፓይለሩ ከራሱ ቤተ መጻሕፍት ዲቭዲአይ3 የሚባለውን ሊጠራ ይሞክራል። ከርነሉ ያንን ቤተ መጻሕፍት ሆን ብሎ አያስገባም፤ ማካፈል ውድ ስለሆነ ሳታስበው እንዳታካፍል ነው። ስለዚህ አካፋዩ 32 ቢት ከሆነ ዲቭ_ዩ64፣ 64 ቢት ከሆነ ዲቭ64_ዩ64፣ ምልክት ያለው ቁጥር ከሆነ ዲቭ_ኤስ64። ዱ_ዲቭ የሚባል አሮጌም አለ፤ እሱን ራቀው። የሚመልሰው ቀሪውን ነው፣ የድርሻውን ውጤት ደግሞ በሰጠኸው ተለዋዋጭ ላይ ደርቦ ይጽፈዋል። «ውጤት = ዱ_ዲቭ» ብሎ ጽፎ ሌሊቱን ሙሉ ያልተቀመጠ የድራይቨር ጸሐፊ አላውቅም።

ከሁሉም የሚሻለው ግን ማካፈሉን ማስቀረት ነው። ማይክሮሰከንድ ከፈለግህ ኬታይም_ዩኤስ_ዴልታ ሁለት ንባብ ወስዶ ልዩነቱን አዘጋጅቶ ይሰጥሃል። ለምት በደቂቃ ይህን ጻፍ፦

ልዩነት = ኬታይም_ቱ_ኤንኤስ(ኬታይም_ሰብ(አሁን, ያለፈው));
ፍጥነት = ዲቭ64_ዩ64(60,000,000,000, ልዩነት);

ነጠላ ሰረዞቹን እኔ ነኝ ለንባብ ያስገባኋቸው። ቁጥሩ 64 ቢት መሆኑን በጭራው አሳውቅ፤ ልዩነቱ ዜሮ እንዳይሆንም ቀድመህ ፈትሽ። ደግሞ ልዩነቱን የሚይዘው ተለዋዋጭ ሎንግ ሆኖ ከቀረ የደከምክበት ሁሉ መና ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር ገብቶ ዝም ብሎ ይቆረጣል፣ የምሳው ችግርም ባለበት ይቀጥላል። በ64 ቢት ናኖሰከንድ ስታስቀምጠው አቅሙ 292 ዓመት ነው። እስከዚያ ፋብሪካው ምሳ ላይ ቢቆይ ሌላ ጉዳይ ነው።

ኬታይም_ጌትን የምትጠራበት ቦታም ለውጥ አለው። በኢንተራፕት ሃንድለሩ (ፐልስ ሲመጣ ወዲያው በሚጠራው ፈንክሽን) የመጀመሪያ መስመር ላይ ይሁን። ሬጅስተር ከማንበብህ በፊት፣ ሥራውን ወደ ወርክኪው (ከርነሉ በኋላ ወደሚሠራው የሥራ ወረፋ) ከማስተላለፍህ በፊት። ወርክኪው ውስጥ የወሰድከው ጊዜ ፐልሱ የመጣበት ሳይሆን ከርነሉ ጊዜ ያገኘበት ነው። ሃንድለሩ ውስጥ መጥራት የተፈቀደ ነው፤ የማይፈቀደው ኤንኤምአይ (ሊዘጋ የማይችል ኢንተራፕት) ውስጥ ብቻ ነው፣ ለእሱ ኬታይም_ጌት_ሞኖ_ፋስት_ኤንኤስ አለለት።

አንድ የሚረሳ ነገር። 32 ቢት ማሽን ላይ የ64 ቢት ቁጥር የሚነበበው በሁለት ጊዜ ነው። ሪድ የሚለው ፈንክሽንህ (አፕሊኬሽኑ ሲያነብ የሚጠራው) ግማሹን እንዳነበበ ፐልስ መጥቶ ሃንድለሩ አዲስ ዋጋ ከጻፈ፣ ግማሹ የድሮ ግማሹ የአዲስ የሆነ ጊዜ ታገኛለህ። በዓመት አንድ ቀን ይመጣል፣ ስትፈልገው ግን አይመጣም። «ያለፈው» የሚለውን በስፒንሎክ (አንዱ እስኪጨርስ ሌላውን በሚያስጠብቅ ቁልፍ) ጠብቀው፤ ከሪድ በኩል ኢንተራፕቱን የሚዘጋውን ዓይነት ተጠቀም።

ወደ ዋናው አደጋ ደረስን፤ ኮምፓይለሩ የማይነግርህም ይህን ነው። ድራይቨርህ ለአፕሊኬሽኑ ምን ይልካል? እንደምገምተው በሪድ በኩል ታይምቫልና ቆጠራውን አንድ ላይ ጠቅልሎ ይሰጣል። አሮጌው አፕሊኬሽን ጊዜውን 8 ባይት አድርጎ ይጠብቃል። አንተ እዚያ ቦታ ታይምስፔክ64 ብታስቀምጥ በባለ32 ቢቱ ኢንቴል 12፣ በአርም 16 ባይት ይሆናል። ከኋላው ያለው ቆጠራ ሁሉ ይንሸራተታል፣ ፕሮግራሙ የናኖሰከንዱን ቁራጭ እንደ ጨርቅ ሜትር ያነበዋል። ስህተት አይልም። ዝም ብሎ የውሸት ምርት ይመዘግባል።

የአፕሊኬሽኑ ምንጭ ኮድ ከሌለህ የድሮውን ቅርጽ ባይት በባይት ጠብቅ። ስትራክቸሩን በራስህ ግለጸው፦ ሁለት ባለ32 ቢት ቁጥር፣ ከዚያ ቆጠራው። ከኬታይም_ጌት_ሪል_ቲኤስ64 ያገኘኸውን ሰከንድ ወደ 32 ቢት ቀንስ፣ ናኖሰከንዱን በ1000 አካፍል። ይህ የ32 ቢት ቁጥር ስለሆነ ያለ ምንም ፈንክሽን ይካፈላል። ሰከንዱ ምልክት እንደሌለው ከተነበበ እስከ እ.ኤ.አ. 2106 ያገለግላል፤ አፕሊኬሽኑ ምልክት ያለው አድርጎ ካነበበው ግን ያው ጥምቀት ላይ ይወድቃል፣ እሱን ከድራይቨር ውስጥ ሆነህ ማዳን አትችልም።

ምንጭ ኮዱ ካለህ አዲስ መንገድ ክፈት፤ አሮጌውንም አትዝጋ። በአዲሱ ላይ ጊዜውን አንድ ባለ64 ቢት የናኖሰከንድ ቁጥር አድርገው። ታይም_ቲን (ሰከንድ የሚቆጠርበትን ዓይነት) ወይም ታይምቫልን በድራይቨሩና በአፕሊኬሽኑ መካከል በሚያልፍ ስትራክቸር ውስጥ ዳግመኛ አታስገባ። ከጂሊብሲ (ፕሮግራሞች ከሚጠቀሙት የሲ ቤተ መጻሕፍት) 2.34 ወዲህ ባለ32 ቢት ፕሮግራምም ባለ64 ቢት ታይም_ቲ እንዲኖረው ተደርጎ ሊገነባ ይችላል፤ አንድ ሰው ያንን ምርጫ አብርቶ አፕሊኬሽኑን እንደገና ቢገነባው የስትራክቸሩ መጠን ይለወጣል። አይኦክትል (ለድራይቨር ትእዛዝ የሚላክበት ጥሪ) ከሆነ የትእዛዙ ቁጥር ራሱ መጠኑን በውስጡ ስለሚይዝ ቁጥሩም ይለወጣል፤ ድራይቨሩ «ይህን ትእዛዝ አላውቀውም» ይላል። ሌላም ወጥመድ አለ፦ ባለ32 ቢቱ ኢንቴል በስትራክቸር ውስጥ የ64 ቢት ቁጥርን በ4 ባይት ድንበር ያስቀምጣል፣ ባለ64 ቢቱና አርም ግን በ8። የ64 ቢቱን ቁጥር መጀመሪያ አድርገው፣ መጨረሻው 8 ባይት ካልሞላ ባዶ ቦታውን በስም ሙላው።

በአዲሱ መንገድ የምትልከው ሪሉን ሳይሆን የኬታይም_ጌቱን ጊዜ ቢሆን እመርጣለሁ። አፕሊኬሽኑ ክሎክ_ሞኖቶኒክን ሲጠይቅ የሚያገኘው ያንኑ ቆጣሪ ስለሆነ ሁለቱን አነጻጽሮ ቀኑን ራሱ ማውጣት ይችላል። የቪዲዮ ድራይቨሮችም ለፍሬሞቻቸው ይህንኑ ቆጣሪ ነው የሚጠቀሙት። ቀን፣ የሰዓት ክልል፣ የሐበሻ ሰዓት የሚባል ነገር ከርነል ውስጥ ቦታ የለውም። አንድ ጊዜ ከዩቲሲ ላይ 3 ሰዓት የሚቀንስ ድራይቨር አይቻለሁ፤ ጸሐፊው የሌሊት ተረኞቹ መዝገቡን በሐበሻ ሰዓት እንዲያነቡት ብሎ ነው። አሳቢ ሰው ነበር። ግን ቀኑ የሚለወጠው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይሆን ስለነበር ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ምርት በቀደመው ቀን ይመዘገብ ነበር።

ከ4.9 ወደ 6.1 ስትዘል ሌሎችም ይጠብቁሃል፣ አትደንግጥ። ሴትአፕ_ታይመር በ4.15 ሄዷል፤ የተተካው ታይመር_ሴትአፕ ለፈንክሽንህ የሚሰጠው የታይመሩን ፖይንተር ነው፣ የራስህን ስትራክቸር በፍሮም_ታይመር ታወጣለህ። አክሰስ_ኦኬ ከ5.0 ጀምሮ አንድ መለኪያ ቀንሷል። ፕሮክ ሥር ፋይል ከከፈተ ከ5.6 ጀምሮ ፕሮክ_ኦፕስ ይፈልጋል። ወደፊት 6.15ን ካለፍክ ዴል_ታይመር_ሲንክም ስሙ ታይመር_ዲሊት_ሲንክ ሆኗል።

ካርዱ መልስ እስኪሰጥ እየዞረ ሰዓት የሚያይ ሉፕ ካለ ሙሉውን አውጥተህ ሪድኤል_ፖል_ታይምአውትን አስገባ። በጂፊስ (በከርነሉ የምት ቆጣሪ) የሚጠብቅ ከሆነ «ይበልጣል» የሚለውን ምልክት ሳይሆን ታይም_አፍተርን ተጠቀም፣ ቁጥሩንም በኤምሴክስ_ቱ_ጂፊስ አውጣው። ጂፊስ በ32 ቢት ላይ ኤችዜድ 1000 ሲሆን በ49.7 ቀን፣ 250 ሲሆን በ198 ቀን ገደማ ይጠቀለላል። ይህን ስህተት ለማግኘት ስድስት ወር እንዳይጠበቅ የከርነል ሰዎች ቆጣሪውን ሊጠቀለል 5 ደቂቃ ሲቀረው ያስነሱታል። ማሽኑ በተነሳ በአምስተኛው ደቂቃ የሚያብድ ድራይቨር ካየህ ሌላ ቦታ አትፈልግ። እኔ ከርነሉ ውስጥ ካሉት ብልሃቶች ሁሉ የምወደው ይህችን ነው።

ስለ ሥራው ቅደም ተከተል አንድ ልመና አለኝ፤ ለውጡን መጀመሪያ በአሮጌው 4.9 ላይ አድርገው። ኬታይም_ጌት፣ ኬታይም_ጌት_ሪል_ቲኤስ64፣ ዲቭ64_ዩ64 ሁሉም እዚያም አሉ። ማሽኑ ላይ ሠርቶ ካየኸው በኋላ ወደ 6.1 ተሻገር። አለዚያ አንድ ነገር ሲበላሽ ከሰዓቱ ይሁን ከከርነሉ ዝላይ አታውቅም። ብቻ በ4.9 ኬታይም_ቲ ተራ ቁጥር አይደለም፣ ዩኒየን ነው፤ ተራ ቁጥር የሆነው ከ4.10 ወዲህ ነው። ስለዚህ በመቀነስ ምልክት አትቀንስ፤ ኬታይም_ሰብ በሁለቱም ይሠራል።

ፈተናው እንዲህ ይሁን። ኤንቲፒን አጥፋ። ማሽኑ እየመታ ሳለ ቀኑን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሰው፣ ከዚያ በአንድ ዓመት ወደፊት። የፍጥነቱ ንባብ ቅንጣት መንቀሳቀስ የለበትም፤ ከተንቀሳቀሰ «ሪል» ተርፎሃል። ቀጥሎ ፐልሱን ነቅለህ 40 ደቂቃ ጠብቅና መልሰህ ሰካ። ቡና ተፈልቶ ከአቦል እስከ በረካ የሚደርስበት ጊዜ ነው፣ አይሰለችህም። ልዩነቱ 40 ደቂቃ የሚሞላ ፖዘቲቭ ቁጥር መሆን አለበት፤ የመጀመሪያው የፍጥነት ንባብ ግን በሙሉ ቁጥር ሲካፈል ከአንድ በታች ስለሆነ ዜሮ ይላል። ሦስተኛውን ምርት ላይ ባልሆነ ትርፍ ኮምፒውተር አድርገው፦ ሰዓቱን በዩቲሲ ጃንዋሪ 19 ቀን 2038፣ 03፡13፡50 ላይ ሙላና 20 ሰከንድ ቆመህ እይ። አሮጌዎቹ ፕሮግራሞች ሊቃወሱ ይችላሉ፤ አንተ የምታየው ድራይቨሩ መቁጠሩን መቀጠሉን ነው።

የመዝገቡን ፕሮግራም ምንጭ ኮድ ካገኘኸው ሪድ የሚመልሰውን ስትራክቸር ገልብጠህ ላክልኝ፣ የባይቶቹን አቀማመጥ አብረን እንቆጥረዋለን። ካላገኘኸው የድሮዎቹን 8 ባይቶች እንዳሉ ተዋቸው፣ ከ40 ደቂቃው ፈተና ጀምር።